የእንግዳ ፍራሽ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሒክማ ከአዳማ ስትመጣ ፍራሽ ይዛልኝ መጣች። ከመናኸሪያው እስከ ቤታችን በባጃጅ ጣሪያ ላይ ታስሮ ስለመጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከእኔ ቀድሞ አይቶታል። ስፖንጅ ነው። ወፍራም፣ አበባ አበባ ያለበት ጨርቅ የለበሰ፣ ከጨርቁ በላይ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ። ሒክማ አሮጌውን ከአልጋዬ አንስታ አዲሱን ዘረጋችና አንሶላውን ከነላስቲኩ አነጠፈችበት። "በይ አኮ፣ አሁን ወገብሽ ይረፍ" አለችኝ። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ የልጅ ልጆቼ ሁሉ የሚጠሩኝ እንዲያ ነው።

ተኛሁበት። ዞር ባልኩ ቁጥር ላስቲኩ እንደ ደረቀ የበቆሎ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ጥቂት ቆይቶ ጀርባዬን አላበኝ፤ በአሰላ፣ ያውም በጥቅምት ብርድ! ጠዋት "ይህን ላስቲክ አውልቂልኝ" ስላት ሒክማ ደነገጠች።

"ይቆሽሻል እኮ አኮ! ትንሽ ጊዜ በአዲስነቱ ይቆይ እንጂ። እንግዳ ሲመጣ እንኳ…"

ልጅቷ ክፋት የላትም። ከደመወዟ ቆጥባ ያመጣችው ነገር ቶሎ እንዳያረጅባት ሳስታ ነው። ነገር ግን "እንግዳ ሲመጣ" የሚለውን ቃል እኔ ከእናቴ አፍ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እዚያው ላስቲኩ ላይ እንደተቀመጥኩ ሳቅ አመለጠኝ። ሳቁ ሲያልቅ ደግሞ እናቴ ናፈቀችኝ።

ያኔ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ አሰላ ትንሽ ከተማ ነበረች። ጠዋት ጠዋት የጭላሎ ተራራ ጉሙን ሲለቅብን ከበራችን ቆመን ማዶ ያለውን ቤት አናይም ነበር። አባቴ ከድር ገበያው ዳር ትንሽ የጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ ቤታችንም ከሱቁ ጀርባ ነው። ሁለት ክፍልና አንድ የእንግዳ ቤት። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ እናቴ በየሳምንቱ የምትለቀልቀው መሬት። እናቴ አሚና ንጽሕና ወዳድ ከመሆኗ የተነሳ ዶሮ እንኳ ግቢያችን ሲገባ እግሩን የሚጠርግ ይመስለኝ ነበር።

እኔን ስትወልድ ወገቧ ተጎድቷል። ጎንበስ ብላ ስትነሳ እጇን ጀርባዋ ላይ ታደርጋለች፤ ብርድ ሲሆን ደግሞ ከመኝታዋ ለመነሳት ግድግዳ ትይዛለች። ስለ ሕመሟ ግን አታወራም። አባቴም አያወራም፤ ያያል እንጂ።

አንድ ጊዜ አባቴ ጨርቅ ሊያመጣ ናዝሬት ወርዶ ሲመለስ፣ ከጭነት መኪናው ላይ ፍራሽ ተሸክሞ ወረደ። የጥጥ ፍራሽ! በሰፈራችን የጥጥ ፍራሽ ያለው ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም የምንተኛው ጭድ ላይ ነው። ጨርቁ ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለው፣ ጥጡ እንዳይሸሽ እዚህም እዚያም በወፍራም ክር የተቋጠረ፣ ጠርዙ ተደርቦ የተሰፋ። እናቴ አዲስ ላም የተገዛላት ይመስል ዞራ ዞራ አየችው። በመዳፏ ዳሰሰችው።

"ለወገብሽ ብዬ ነው" አላት አባቴ።

"እንዴ! ይህማ የእንግዳ ነው" አለች እናቴ።

ወዲያው ጠቀለለችው፣ በገመድ አሰረችው፣ የእንግዳ ቤት ካለው የእንጨት ሳጥን ላይ ከግድግዳው አስጠግታ አስቀመጠችው፣ አሮጌ ነጠላም አለበሰችው። አባቴ "አልጋ ሲሉት አመድ" ብሎ ሳቀ። ተረቱን ብሎ ሳቀ እንጂ ፊቱ አልሳቀም፤ ያኔ ትንሽ ልጅ ብሆንም ይህ አላመለጠኝም።

ከዚያ በኋላ ፍራሹ እንግዳውን ይጠብቅ ጀመር። የሚመጡት እንግዶች ደግሞ ለእናቴ ሚዛን አልበቁም። አጎቴ ከሁሩታ ሲመጣ "እሱ ቤተሰብ ነው፣ ምን እንግዳ ነው" ትላለች። ከጮሌ የሚመጡ የአባቴ ደንበኞች ሲያድሩ "እግራቸው ጭቃ ነው" ትላለች። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሼህ አደሩልንና እናቴ በደስታ ገመዱን መፍታት ስትጀምር፣ ሼሁ "እኔ ሰሌን ነው የለመድኩት" ብለው መሬት ላይ ተኙ። እናቴም መልሳ አሰረችው። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ፤ ፍራሹ ሰው ሳይተኛበት እኔ ለአቅመ ሔዋን ደረስኩ።

ሌላውን ዕቃ ሁሉ ፀሐይ የምታሞቅ ሴት ያንን ፍራሽ ግን ከቤት አታወጣውም ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃት "ፀሐይ ካየው ሰውም ያየዋል፤ ዓይን ይበላዋል" አለችኝ። ዓይን ሌላውን ሲበላ ኖሮ ይሆናል፤ የእኛን ፍራሽ የሚበላው ግን ሌላ ነበር። እሱን እመለስበታለሁ።

እኔ በበኩሌ ስለ ጭድ ፍራሽ ብጠየቅ ዛሬም አፌን አልይዝም። የገብስ ጭድ ይዋጋል፤ ጢሙ በጨርቁ አልፎ ሌሊቱን ሙሉ ጎንህን ሲቆጠቁጥህ ያድራል። የጤፍ ጭድ ለስላሳ ነው፤ ግን ቶሎ ይጠቀጠቅና እንደ ጡብ ይሆናል። የስንዴ ጭድ ጠንከር ቢልም አይተኛም፣ ይመልሳል። ስለዚህ እኔ ከታች የስንዴውን፣ ከላይ ከቆላው ወገን ለገበያ የሚመጣውን የጤፍ ጭድ አደርግ ነበር። ደግሞ ጭድ ሁሉ ጭድ አይደለም። ከአውድማው ክምር ከላይ ካለው ይወሰዳል፤ ከሥር ያለው እብቅና አቧራ ነው። ወስደህም ፀሐይ ላይ በትነህ፣ በሰፌድ አበጥረህ፣ ያልተወቃች ዛላ ብታገኝ ለቅመህ ትጥላለህ። ፍሬ ባለበት አይጥ አለ።

በየዓመቱ አውድማው ሲያልቅ አሮጌውን አራግፌ፣ ጨርቁን በእንዶድ አጥቤ፣ በአዲስ ጭድ እሞላው ነበር። ጥግ ጥግ ላይ ትንሽ አሪቲ እከትበታለሁ፣ ቁንጫ አይወደውም። በየሳምንቱ አጥር ላይ አሰጣዋለሁ፣ በዱላ እመታዋለሁ፣ ስመልሰውም ራስጌውን ግርጌ፣ ላዩን ታች አደርገዋለሁ። የአልጋውን ጠፍርና መገጣጠሚያውን ደግሞ በፈላ ውሃ አጥባለሁ፤ ትኋን የሚሸሸገው እዚያ ነው። ጓደኞቼ "ዘይነብ ፍራሽ አግብታለች" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። እኔ ግን ማግባት የምፈልገው ሌላ ነበር።

ጀማል ይባላል። የዲክሲስ ልጅ ነው። በገበያ ቀን ስንዴ ይዞ ይመጣና ከሸጠ በኋላ አባቴ ሱቅ ይገባል። ክር ይገዛል። በሚቀጥለው ገበያ እንደገና ክር። አባቴ አንድ ቀን "ይህ ልጅ ዲክሲስን በሙሉ ሊሰፋ ነው እንዴ?" ሲል ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሻሼን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። ጀማል ዝምተኛ ነበር፤ ሲስቅ ግን ዓይኑ ይጠፋል። ወደድኩት። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ እንዲህ ብላ አታወራም፤ ዛሬ ግን ማን ይቆጣኛል? ወደድኩት፣ ከእሱ ሌላ ባል አልፈለግሁም።

ችግሩ አክስቱ ነበሩ። የጀማል እናት በሕፃንነቱ ስለሞተች ያሳደጉት የአባቱ እህት ናቸው፤ በኦሮምኛ የአባት እህት አዳዳ ትባላለች፣ ሰዉም ሁሉ አዳዳ ሩቂያ ይላቸዋል። እሳቸው እሺ ሳይሉ ሽማግሌ አይላክም። ስለ እሳቸው የሚወራው ደግሞ ያስፈራል። ልጅ ሊያዩ ሲሄዱ ጓዳ አይገቡም፣ ድስት አይከፍቱም፣ የልጅቷን መልክ እንኳ ብዙ አያዩም። የሚያድሩበትን ፍራሽ ገልጠው ነው የሚያዩት። "የሚታየውንማ ሁሉም ያጥባል" ይላሉ አሉ። ከእኔ በፊት ለጀማል የታሰበች አንዲት ልጅ ነበረች፤ አዳዳ ሩቂያ ከፍራሹ ሥር ትኋን አይተው ወተታቸውን ሳይጨርሱ ተመለሱ እየተባለ ይወራል።

በጥር ወር አንድ የገበያ ቀን ጀማል ክሩን ገዝቶ ሲወጣ አባቴን "አዳዳ በመጪው ሳምንት ለገበያ ይመጣሉ፤ እናንተ ጋ ቢያድሩ…" አለውና ጆሮው ቀላ። አባቴ ገባው። እናቴ ስትሰማ እልል ልትል ትንሽ ቀራት። እኔ ፈራሁ፣ እሷ ግን ያ ሁሉ ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው እንግዳ መጣላት።

"ፍራሹን ግን ፀሐይ ይንካው እማዬ" አልኳት።

"ደግሞ ጀመርሽ! የሰው ዓይን ሳያርፍበት የኖረ ንጹሕ ዕቃ ነው። የዚያን ዕለት እንፈታዋለን።"

የዚያ ዕለት ረፋዱ ላይ ፈታነው። አዳዳ ሩቂያ ከነጋዴዎቹ ጋር በጭነት መኪና ነበር የሚመጡት፤ የዲክሲስ መኪና ደግሞ ከአስር ሰዓት በፊት ደርሶ አያውቅም፣ ስለዚህ ጊዜ አለን ብለናል። እናቴ ነጠላውን ገፈፈች፣ ገመዱን ፈታች። ጥቅሉን ስንዘረጋው መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነበር፤ የቆየ የክረምት ውሃ ሽታ። ከግድግዳው በኩል ያለው ጎን ጠቁሯል። ቀና ብዬ ሳይ ከሳጥኑ በላይ ቆርቆሮው ላይ የምስማር ቀዳዳ አለ፤ ስንት ክረምት ጠብ ጠብ እንዳለበት እንጃ። መሐሉ ላይ ጨርቁ ተቀዷል። እጄን ባስገባ አይጥ ጥጡን በጣጥሳ ጎጆ ሠርታ፣ የእኛን ቆሎ አጠራቅማበት አገኘሁ። አይጧ ሄዳለች፤ ቆሎው አለ።

እናቴ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለች። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፣ ያን ቀንም አላለቀሰችም። እጇን ሰማያዊውና ነጩ መስመር ላይ ወዲያና ወዲህ ስታመላልስ ብቻ አየኋት።

"የደረቀውን ወደ ላይ እናድርገው" አለች። "አቡጀዲ እናለብሰዋለን፣ ሽቶም እንረጭበታለን።"

"ይገልጡታል እኮ እማዬ። የሚመጡት እኮ ለዚያ ነው! የእኔን ፍራሽ እናንጥፍላቸው።"

"ጭድ? እንዲያ ያለችን ሴት ጭድ ላይ አስተኝቼ ነገ በዲክሲስ ገበያ ምን ይሉኛል? የከድር ሚስት የዲክሲስን እንግዳ እንደ ከብት ጭድ ላይ አሳደረች ይበሉኝ?"

"አይጥ ጎጆ ላይ አሳደረች ከሚሉሽ ይሻላል!"

በእናቴ ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ያኔ ነው። ያስደነገጠኝ ግን እሷ አለመቆጣቷ ነው። መልስ ልትሰጠኝ አፏን ስትከፍት ከደጅ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ያ ደርሶ የማያውቅ መኪና ያን ቀን በቀትር ደረሰ። አባቴም ከሱቁ "እንግዳ! እንግዳ መጡ!" እያለ ሲጮህ ሰማነው።

እናትና ልጅ የተጣላነውን ረሳነው። ፍራሹን በሁለት ጫፍ ይዘን በጓሮ በር ጎትተን አወጣነውና ከቤቱ ጀርባ አጥሩ ላይ ጣልነው። እናቴ ፊቷን አብሳ ወደ ደጅ ስትሮጥ፣ እኔ የራሴን የጭድ ፍራሽ ከአልጋዬ ነጥቄ የእንግዳ ቤቱ አልጋ ላይ ዘርግቼ ነጭ አቡጀዲ አነጠፍኩበት። ትንፋሼን ሳልሰበስብ አዳዳ ሩቂያ ገቡ።

እጅግ የሚያስፈሩ ሰው ጠብቄ ነበር። የገቡት ግን አጠር ያሉ፣ በአቧራ ፊታቸው የነጣ፣ የጋቢናው መንገጫገጭ ያደከማቸው አሮጊት ናቸው። ጉንጬን ሳሙኝ። እናቴ ወንበር አቀረበች፣ ጭኮውንም አመጣች፤ የገብስ ዱቄቱ በቅቤ ርሶ ያብረቀርቃል። አዳዳ ሩቂያ ጭኮውን አይተው ፈገግ አሉና፣

"ገሪ፣ ገሪ፤ ጥሩ ነው። እሱ ይቆየኝ። መጀመሪያ የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ እንዳያልፈኝ ልስገድ" አሉ። "ውዱእ የማደርገው በየት በኩል ነው?"

እናቴ አየችኝ፣ አየኋት። በኢስላም ቤት እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደሆነ ሁለታችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። በቤታችን የሚታጠቡት ደግሞ የት ነው? ጓሮ። የውሃው ማሰሮ የት ነው? ጓሮ፣ ከአጥሩ ሥር። ከምድር ሁሉ መርጠን ነውራችንን የሰቀልነው ከማሰሮው በላይ ነበር። ጉድና ጅራት በስተኋላ ነው የሚሉት ለእኛ ሳይሆን አይቀርም።

"ውሃውን ላምጣልዎት፣ እዚሁ በር ላይ…" አለች እናቴ።

"እግር አለኝ አሚና" ብለው ተነሡ።

ፊት ፊት ሄድኩ። በእኔና በፍራሹ መካከል እንዲሆኑ አድርጌ፣ ጀርባቸው ወደ አጥሩ እንዲሆን የመቀመጫውን ድንጋይ አዙሬ አስቀመጥኩላቸው። ውሃ ቀዳሁ። እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ ፊታቸውን ሳይቸኩሉ ታጠቡ። እግራቸውን አጥበው ሲጨርሱ ቀና አሉና ዞረው ፍራሹን አዩት። ጠጋ ብለው በግራ እጃቸው ጀርባ ጫፉን ነካ አደረጉት። አሸተቱት። የተቀደደውን አዩ። እዚያው ቆሜ ጀማልን በልቤ ተሰናበትኩት።

"የማነው?" አሉኝ።

"የእንግዳ ነው።"

"እንግዳ ተኝቶበታል?"

መዋሸት ይቻል ነበር። አፌ እምቢ አለኝ። "ማንም አልተኛበትም አዳዳ። አባባ ለእማዬ ወገብ ያመጣላት ነበር፤ እሷ ለእንግዳ አለችው።"

"ወገቧን ያማታል?"

"ያማታል።"

"ያ ረቢ" ብቻ አሉ። ገብተው ሰገዱ። ጭኮውን በሉ፣ ወተቱን ጠጡ፣ ከአባቴ ጋር ስለ ስንዴው አወሩ። ስለ ፍራሹ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እናቴ ግን የማያባራ ዝናብ ውስጥ የቆመች ይመስል ትከሻዋን ሰብስባ ዋለች። ለመኝታ ስወስዳቸው አቡጀዲውን ገልጠው የእኔን ፍራሽ በመዳፋቸው ጫን አደረጉት፣ ጎንበስ ብለውም አሸተቱት።

"ማን ሞላው?"

"እኔ ነኝ። ከታች ስንዴ፣ ከላይ ጤፍ ነው።"

"አሪቲ አለው።"

"ለቁንጫ ነው አዳዳ።"

"ቶሌ" አሉና፣ "እሺ" ማለታቸው ነው፣ ፊታቸውን አዙረው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ከዚያ ቃል ደግ ይሁን ክፉ ማውጣት አልቻልኩም።

ጠዋት ጉሙ ሳይገለጥ እናቴ ጨጨብሳ አቅርባ ዝግጁ ሆናለች። አዳዳ ሩቂያ ሲወጡ አባቴ ተነሥቶ "አካም ቡልታኒ?" ብሎ እንዴት እንዳደሩ ጠየቃቸው።

"ተኛሁ" አሉ። ቁጭ ብለው አንድ ሁለት ጎረሱና ቀጠሉ። "ከድር፣ ኢንተላዋን ወድጃታለሁ። ሽማግሌ እልካለሁ። እጇም አፏም ንጹሕ ነው።"

ኢንተላ ልጅቷ ማለት ነው። ጀበናውን ይዤ እንደቆምኩ ዓይኔ እንባ ሞላ። እናቴ ግን ደስታዋን እንኳ ሳታጣጥም ወደ ነገሯ ገባች።

"አዳዳ፣ ትናንት ያዩት ነገር… አሳፍሮኛል። ጥጡን አሳድሼ፣ ጨርቁን አስለውጬ፣ ከልጄ ጋር እልክልዎታለሁ። የእሷ ይሁን።"

"አይሆንም" አሉ አዳዳ ሩቂያ። "እሱን ወደ እኔ ቤት እንዳታመጪው። ይታደስ፣ አንቺ ተኚበት። ሽማግሌ የምልከው ከዚያ በኋላ ነው።"

"እኔ? ኧረ አዳዳ! እንግዳ ሲመጣስ?"

"እንግዳ ጭድ ላይ ይተኛ። እኔ ተኝቼበታለሁ፣ ይኸው አልሞትኩም።"

እናቴ ወደ አባቴ ዞረች፣ እንዲያግዛት። አባቴ ጨጨብሳው ላይ አቀርቅሯል። "እኔማ ለወገቧ ብዬ ነበር" አለ ቀስ ብሎ፣ ለማንም ያልተናገረ ይመስል። ያ ሁሉ ዓመት ያችን ቃል በሆዱ ይዟት ኖሯል። እናቴ ያንን ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ "እሺ" አለች። አባቴ ቢለምናት፣ እኔ ብጮህባት አልሰማችም ነበር። ግን እናቴ በሕይወቷ እንግዳ የጠየቀውን እምቢ ብላ አታውቅም። አዳዳ ሩቂያም ይህን አውቀው ነው በእንግድነታቸው ያዘዟት።

በዚያው ሰሞን አንድ ፍራሽ አዳሽ በሰፈራችን ሲያልፍ አባቴ ራሱ ጠራው። ጥጡ ግቢው ውስጥ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው ቦታ ተዘረገፈ። የበሰበሰው ተጣለ፣ የቀረው ፀሐይ ላይ ተበተነ፣ በቀጭን ዱላ ሲመታ እንደ አረፋ ተነፋ። ለጎደለው አባቴ ማንንም ሳያማክር ከናዝሬት ባዘቶ ጥጥ አስመጣ። እናቴ "ኧረ ሰው ያየናል" እያለች በበሩ ቀዳዳ ትመለከት ነበር።

ፍራሹ አልጋዋ ላይ በተዘረጋ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ "እስቲ ልሞክረው" ብላ ጫፉ ላይ ጋደም አለች። የተዋሰችው ዕቃ ይመስል እግሯን እንኳ አልዘረጋችም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወጥ ስለተቃጠለ ልጠራት ብገባ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ወገቧን የምትይዝበት እጇ ተፈትቶ ጎኗ ላይ ወድቋል። ወጡን እኔ አወረድኩት። አልቀሰቀስኳትም። እናቴን ቀን ተኝታ ያየኋት ያኔ ነው፣ ፊቷ እንዴት ያለ የልጅ ፊት እንደነበር እስከዚያ ቀን አላወቅሁም።

ስትነሳ ተቆጣች። "ይህ ነገር ሰውን ሰነፍ ያደርጋል!" አለች። ግን እስክትሞት ድረስ ተኛችበት። ዓይን ይበላዋል ስትል የነበረችው ሴት በኋላ በኋላ በየሳምንቱ የገበያው መንገድ በሚያየው አጥር ላይ እያሰጣች፣ አላፊ አግዳሚውን "ንካው እስቲ፣ ጥጥ ነው" ትል ነበር።

ሽማግሌውም መጣ፣ ጀማልን አገባሁ። ዲክሲስ ስገባ አዳዳ ሩቂያ በእጃቸው የሞሉት የጭድ ፍራሽ አልጋዬ ላይ ጠበቀኝ፤ ከታች ስንዴ፣ ከላይ ጤፍ። አሪቲው ግን በዝቶ ቤቱን ሁሉ አሽትቶት ነበር። "እንዳንቺ አላውቅበትም" አሉኝ። ሁሉም አሁን የሉም። ጀማልም የለም። ዓይኑ የሚጠፋበትን ሳቁን ለሒክማ ነው ያወረሳት።

ትናንት ሒክማን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ይህንኑ ነገርኳትና ምላጭ እንድታመጣልኝ ጠየቅኋት። አሁንም አመነታች።

"ሰው ቢመጣ ግን አኮ… አዲስ ሆኖ ቢያየው ምን አለበት?"

"ሒክማዬ፣ በዚህ ቤት ከእኔ በላይ ምን እንግዳ አለ? ከሁላችሁም ቀድሜ የምሄደው እኔ ነኝ።"

ሒክማ ተነሥታ ምላጩን አመጣችና ላስቲኩን ራሷ ቀደደችው። ከዚያ ሁለታችን በሁለት ጫፍ ይዘን ወደ ደጅ አወጣነው፤ የጥቅምት ፀሐይ ሞቅ ብሏል። አጥሩ ላይ ስናሰጣው አንዲት ጎረቤታችን ቆም ብላ አየችው።

"ንኪው እስቲ" አልኳት።